ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተን፦ መሄጃው ከመመለሻው ለምን ይረዝማል?

የሰንዳፋው ልጅ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። ይህን የምጽፈው ከሰንዳፋ ነው። እኅቴ በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ በሚባለው ከተማ ትኖራለች፤ በመጪው ሐምሌ የመጀመሪያ ልጇን ስለምትወልድ እናታችን ሄዳ እንድታርሳት ጠርታታለች። እናቴ 69 ዓመቷ ነው። በሕይወቷ ርቃ ከሄደችበት ሁሉ የሚርቀው ለንግሥ የተሳለመችው ግሸን ማርያም ሲሆን፣ አውሮፕላን ተሳፍራ አታውቅም። ቪዛው ከወጣና ትኬቱ ከተቆረጠ በኋላ አንድ ማታ ቡና ተፈልቶ ተቀምጠን ሳለ «ልጄ፣ እዚያ ሰማይ ላይ ስንት ሰዓት ነው የምቀመጠው?» ብላ ጠየቀችኝ። ቀላል ጥያቄ መስሎኝ ትኬቱን አውጥቼ ማስላት ጀመርኩ፤ ነገር ግን እስከ ዛሬ ድረስ የሚያሳርፋት መልስ ልሰጣት አልቻልኩም።

ትኬቱ ላይ የሰፈረው እንዲህ ነው። በሰኔ ማብቂያ ከቦሌ 22:00 ይነሣል፤ ሎሜ ላይ አንድ ጊዜ አርፎ በማግሥቱ 08:00 ዋሽንግተን፣ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ይደርሳል። መመለሻዋ በመስከረም መጨረሻ ሲሆን፣ ከደለስ 11:00 ተነሥቶ የትም ሳያርፍ በማግሥቱ 07:00 ቦሌ ይገባል። የተጻፈውን እንዳለ ብቆጥር መሄጃው 10 ሰዓት፣ መመለሻው 20 ሰዓት ይሆናል። መንገድ ላይ የሚያርፈው በረራ በ10 ሰዓት ደርሶ፣ በቀጥታ የሚመጣው እጥፉን የሚፈጅ ከሆነ ነገሩ አልገባኝም። ከዚያ በኋላ አሜሪካን የሚያውቅ አንድ ጎረቤታችን «እንዲያውም ተቃራኒው ነው፤ መሄጃው ነው ረጅሙ» ሲለኝ ይበልጥ ግራ ተጋባሁ።

ርቀቱንም ስፈልግ አንዱ 11,560፣ ሌላው 7,185፣ ሦስተኛው 12,750 ብሎ አገኘሁት። ትክክለኛው የትኛው ነው? ደግሞስ አውሮፕላኑ ሲመለስ ሳያርፍ መምጣት ከቻለ፣ ሲሄድ ምን ከለከለው? እናቴ ነዳጅ መሙላቱን ስትሰማ «መንገድ ላይ ሊያልቅበት ነው ማለት ነው?» ብላ ስለደነገጠች፣ በተለይ ይህን የመጨረሻውን በእውቀት የሚያስረዳኝ ሰው ባገኝ ትልቅ ውለታ ይሆንልኛል። የደም ግፊት መድኃኒቷን በየቀኑ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ስለምትወስድም፣ የሰዓቱ ለውጥ እንዴት እንደሚሆን ማወቅ እፈልጋለሁ።


የለገጣፎ መምህር

የተከበሩ ጠያቂ፣ በለገጣፎ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ስለ ነዳጁ ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ ሰው ይመልስልዎታል፤ ስለ ሰዓቱና ስለ ርቀቱ ግን ልሞክር።

ትኬት ላይ የሚጻፍ ሰዓት ሁሉ የዚያው ከተማ ሰዓት ነው። መነሻው በአዲስ አበባ ሰዓት፣ መድረሻው በዋሽንግተን ሰዓት ተጽፏል፤ ስለዚህ አንዱን ከሌላው በቀጥታ መቀነስ አይቻልም። አገራችን ከዓለም አቀፉ የመነሻ ሰዓት 3 ሰዓት ትቀድማለች። ዋሽንግተን ደግሞ በብርዱ ወራት 5 ሰዓት፣ በሙቀቱ ወራት 4 ሰዓት ወደ ኋላ ትቀራለች፤ ምክንያቱም አሜሪካኖች በማርች ሁለተኛው እሑድ ሰዓታቸውን በአንድ ወደ ፊት ገፍተው፣ በኖቬምበር የመጀመሪያው እሑድ ይመልሱታል። በእኛ አቆጣጠር የመጀመሪያው በየካቲት መጨረሻ ወይም በመጋቢት የመጀመሪያ ቀናት፣ ሁለተኛው በጥቅምት የመጨረሻ ሳምንት ላይ ይውላል። እናትዎ የሚሄዱበት ሰኔም ሆነ የሚመለሱበት መስከረም በዚህ መካከል ስለሆነ ልዩነቱ በሁለቱም ጊዜ 7 ሰዓት ነው። መመለሻቸው ወደ ኅዳር ቢዘዋወር ግን 8 ይሆናል።

አሁን ስሌቱን ይድገሙት። ሲሄዱ ፀሐይን ተከትለው ወደ ምዕራብ ስለሚጓዙ ሰዓቱ በ7 ወደ ኋላ ይመለስላቸዋል፤ ስለዚህ ባገኙት 10 ላይ 7 ይጨምሩና 17 ሰዓት ይሆናል። ሲመለሱ ያው 7 ሰዓት ስለሚወሰድባቸው ከ20 ላይ 7 ይቀንሱና 13 ሰዓት ያገኛሉ። ሥራዎን ለማረጋገጥ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቁጥሮች ደምረው ከኋለኞቹ ድምር ጋር ያስተያዩ፤ 10 እና 20 ሠላሳ ነው፣ 17 እና 13ም ሠላሳ ነው። ጎረቤትዎ የነገሩዎት ትክክል ነበር።

ስለ ትኬት ሰዓት ካነሣን አንድ ሌላ ነገር ላሳስብ። 22:00 በእኛ አነጋገር ከምሽቱ 4 ሰዓት ነው፤ ይህን ብዙ ሰው ያውቀዋል። አደጋው ያለው ከእኩለ ሌሊት በኋላ በሚነሡ በረራዎች ላይ ነው። የአክስቴ ልጅ ትኬቱ ላይ የወሩ 10ኛ ቀን፣ 00:40 የሚል ተጽፎለት ነበር። በእኛ ልማድ ሌሊቱ የሚቆጠረው ከመሸው ቀን ጋር ስለሆነ፣ በ10ኛው ቀን ውሎ፣ አምሽቶ፣ ዘመድ ተሰናብቶ ቦሌ ሲደርስ በረራው ከሄደ ሃያ ሰዓት ሊሞላው ምንም አልቀረውም። መሄድ የነበረበት በ9ኛው ቀን ምሽት ነበር። የእናትዎ በረራ ከእኩለ ሌሊት በፊት ስለሆነ ይህ አያሰጋዎትም፤ ሆኖም ሌሎች አንባቢዎች ልብ ይበሉት።

ወደ ርቀቱ ስመጣ፣ ያገኟቸው ሦስቱም ቁጥሮች ትክክል ናቸው፤ የሚለኩት ነገር ግን የተለያየ ነው። ከቦሌ እስከ ደለስ በምድር ክብ ላይ ያለው አጭሩ መስመር 11,560 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። 7,185 የተባለው ይኸው ርቀት በማይል ሲጻፍ ነው። አብራሪዎች የሚጠቀሙበት የባሕር ማይል ደግሞ 1.852 ኪሎ ሜትር ስለሆነ፣ በእነርሱ ሰነድ ላይ 6,240 ገደማ ተጽፎ ሊያዩ ይችላሉ። 12,750 የሚለው እናትዎ በእርግጥ የሚሄዱበት ነው፤ ከአዲስ አበባ ሎሜ 4,150፣ ከሎሜ ዋሽንግተን 8,600 ኪሎ ሜትር ገደማ ተደምሮ።

በጠፍጣፋ ካርታ ላይ ሁለቱን ከተሞች በማስመሪያ ያገናኘ ሰው መንገዱ ሰሐራን አቋርጦ በአትላንቲክ መካከል በቀጥታ ወደ ምዕራብ የሚሄድ ይመስለዋል። እኔ ተማሪዎቼን ሉል አቅርቤ ክር አስወጥራለሁ። ክሩ ሲወጠር ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን ምዕራብ ይነሣል፤ በካርቱም አጠገብ አልፎ፣ ሊቢያንና የአልጄሪያን ዳርቻ ነክቶ፣ በስፔንና በፖርቱጋል ላይ አድርጎ፣ አትላንቲክ ላይ እስከ 45ኛው የሰሜን ኬክሮስ ድረስ ከወጣ በኋላ ወደ ዋሽንግተን ይወርዳል። ልጆቹ በመጀመሪያ አያምኑም፤ ክሩን ራሳቸው ሲይዙት ነው የሚቀበሉት።


የሱሉልታ ጡረተኛ

ረጅም ዘመን በበረራ ዕቅድ ሥራ አገልግዬ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ሱሉልታ የተቀመጥኩ ሰው ነኝ። የእናትዎ ድንጋጤ ልቤን ስለነካው ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ።

አውሮፕላኑ መንገድ ላይ ነዳጅ የሚቀዳው ርቀቱ ከአቅሙ በላይ ስለሆነበት አይደለም። በዚህ መስመር ላይ የሚመደቡት እንደ ድሪምላይነርና ኤርባስ ኤ350 ያሉ አውሮፕላኖች ከ13,000 ኪሎ ሜትር በላይ ሳያርፉ መብረር የሚችሉ ናቸው፤ ለዚህም ነው ከዋሽንግተን በቀጥታ የሚመጡት። ችግሩ ያለው በመነሻው ላይ ነው። የቦሌ ማኮብኮቢያ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,330 ሜትር ከፍታ ላይ ይገኛል፤ ደለስ ግን 95 ሜትር ገደማ ላይ ነው።

ከፍታ ምን ያደርጋል ቢሉ አየሩን ያሳሳዋል። እናትዎ ይህን ከወጥ ቤታቸው ያውቁታል። ሰንዳፋ ከ2,500 ሜትር በላይ ላይ ስላለች ውኃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ስለዚህ ሥጋው አዋሽ ወይም ድሬዳዋ ላይ ከሚበስልበት ጊዜ ይበልጥ እሳት ይፈጃል። በየማለዳው በሰንዳፋ ሜዳ የሚሮጡት አትሌቶች እዚያ ድረስ የሚመጡት ይኸው ስስ አየር የደማቸውን ኦክስጅን የመሸከም አቅም ስለሚጨምርላቸው ነው። ሯጩን የሚጠቅመው ስስነት ግን አውሮፕላንን ይጎዳዋል። የቀኑ ሙቀት 20 ዲግሪ ሲሆን የቦሌ አየር ከባሕር ዳርቻ አየር ጋር ሲነጻጸር በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ክንፉን ወደ ላይ የሚገፋው አየር ቀነሰ ማለት ነው፤ ሞተሩም የሚውጠው አየር ስለሚያንሰው ጉልበቱ ይቀንሳል። ክብደቱን ለማንሣት አውሮፕላኑ ከሌላው ቦታ ይልቅ ፈጥኖ መንደርደር አለበት፤ ለዚህ ደግሞ የማኮብኮቢያው ርዝመትና የጎማዎቹ የፍጥነት ጣሪያ ወሰን ያበጁለታል።

ስለዚህ በየበረራው «ከዚህ ማኮብኮቢያ፣ በዚህ ሙቀት፣ በዚህ ነፋስ ስንት ቶን ይዘን መነሣት እንችላለን?» የሚለው በጥንቃቄ ይሰላል። ለ13 ሰዓት በረራ የሚያስፈልገው ነዳጅ ብቻ ከ60 ቶን በላይ ይመዝናል። ከቦሌ ይህን ሁሉ ነዳጅ ጭኖ ለመነሣት ብዙ ወንበሮችን ባዶ መተውና ጭነት ማስቀረት ያስፈልጋል። ሌላው መንገድ ተሳፋሪውን በሙሉ ይዞ፣ እስከ መካከለኛው ማረፊያ የሚበቃውን ነዳጅ ከሚያስፈልገው መጠባበቂያ ጋር ቀድቶ መነሣት፣ ቀሪውን ዝቅተኛ ቦታ ላይ መሙላት ነው። በተለያዩ ዘመናት ሮም፣ ደብሊንና ሎሜ ለዚህ አገልግለዋል። ሎሜ በባሕር ዳር ያለች ከተማ ስለሆነች አውሮፕላኑ ከዚያ በሙሉ ነዳጅ ያለ ችግር ይነሣል። ሲመለስ ደግሞ ከደለስ ዝቅተኛ ቦታ ጭኖ ተነሥቶ፣ ቦሌ ሲደርስ ነዳጁን አቃጥሎ ቀልሎ ስለሆነ የቦሌ ከፍታ አያስቸግረውም። ለእናትዎ «ነዳጁ ሊያልቅ ነው» ሳይሆን «ተራራ ላይ ሆነን ከባድ ሸክም ስለማናነሣ፣ ሜዳ ወርደን ቀሪውን እንጭናለን» ብለው ይንገሯቸው።

ይህ የእኛ አገር ብቻ ዕጣ አይደለም። ሜክሲኮ ሲቲም ከ2,200 ሜትር በላይ ላይ የተሠራች ከተማ ናት፤ የቱርክ አየር መንገድ ከኢስታንቡል በቀጥታ ወደዚያ ይበርና፣ ሲመለስ ግን በባሕር ዳርቻዋ ካንኩን በኩል ያልፋል። በቢሾፍቱ አቅራቢያ፣ አቡሴራ ላይ የታቀደው አዲሱ አውሮፕላን ማረፊያም ከቦሌ በ400 ሜትር ገደማ ዝቅ ስለሚል፣ ለረጅም በረራ ከፍ ያለ ክብደት ለማንሣት ይረዳል። እኔ በሥራ ዘመኔ ሁሉ የተመኘሁት ነገር ስለሆነ በጉጉት እጠብቀዋለሁ።

አሁን መምህሩ ካወጡት የ4 ሰዓት ልዩነት ውስጥ ምን ከምን እንደመጣ በግምት ልከፋፍለው። በሎሜ በኩል መዞሩ ከአጭሩ መስመር ወደ 1,200 ኪሎ ሜትር ስለሚጨምር፣ በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ለሚበር አውሮፕላን ይህ 1 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ነው። ለማረፍ ፍጥነት መቀነሱ፣ መሬት ላይ መቆሙና እንደገና መውጣቱ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይወስዳል። የቀረው የነፋስ ነው። ከምድር 9 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ፣ በተለይ በሰሜኑ አትላንቲክ፣ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚገሰግስ ኃይለኛ ነፋስ አለ፤ በብርዱ ወራት በሰዓት ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ የሚደርስበት ጊዜ አለ። ወደ አሜሪካ የሚሄደው ፊቱን ይመታዋል፤ ወደ እኛ የሚመጣው ከኋላው ይገፋዋል። በአማካይ የ50 ኪሎ ሜትር ነፋስ ብቻ እንኳ ብንወስድ፣ 11,560 ኪሎ ሜትሩን በ850 ሲያካፍሉት 13 ሰዓት ከ36 ደቂቃ፣ በ950 ሲያካፍሉት 12 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ይመጣል። በደብሊን ወይም በሮም በኩል ቢሆን ኖሮ የሚጨመረው ርቀት ከ300 ኪሎ ሜትር በታች ነው፤ ሁለቱም ከአጭሩ መስመር ብዙም አይርቁም።

በመምህሩ ክር ላይ አንድ ማስተካከያ ልጨምር። የሱዳን ጦርነት በሚያዝያ 2015 ዓ.ም ከተቀሰቀሰ ወዲህ አብዛኛው የዚያች አገር የአየር ክልል ለመንገደኛ አውሮፕላኖች ዝግ ሆኖ ቆይቷል፤ የሊቢያንም ሰማይ ብዙ አየር መንገዶች ይሸሹታል። ስለዚህ በእውነተኛው በረራ ላይ ክሩ እንደ ሉሉ ላይ አይወጠርም። በወረቀት ላይ ያለ ርቀትና በአየር ላይ የሚበረር ርቀት የሚለያዩት በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው።


የአያት ሰፈሯ እመቤት

እኔ ስለ ሳይንሱ አላውቅም፤ ነገር ግን እናቴን ከሦስት ዓመት በፊት በዚሁ መንገድ ስለላክኋቸው ያጋጠማቸውን ልንገርዎት። በጊዜው በረራቸው ነዳጅ ለመሙላት ያረፈው ደብሊን ነበር። አውሮፕላኑ ሲቆም ብዙ ሰው ወንበሩ ላይ ቢቀርም፣ እናቴ «ደረስን» ብለው ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ዘንቢላቸውን ይዘው፣ አጠገባቸው የተቀመጠችውን ልጅ መርቀው ተነሡ። ልጅቱ አስተናጋጇን ጠርታ እስክታስረዳቸው ድረስ መውጫው አጠገብ ቆመው ነበር። በኋላ በስልክ ሲነግሩኝ ድምፃቸው ይንቀጠቀጥ ስለነበር፣ አስቀድሜ ባለመንገሬ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ስለዚህ አደራ፣ ለእናትዎ «አንድ ጊዜ ይቆማል፤ ያ ያንቺ አይደለም፤ ሁለተኛው ነው ያንቺ» ብለው ደጋግመው ይንገሯቸው። ሎሜ ላይ የሚወርዱና የሚሳፈሩ ተጓዦችም ስለሚኖሩ ሰው ሲነሣ አይተው እንዳይከተሉ። ነዳጅ ሲቀዳ የወንበር ቀበቶ እንዲፈታ ስለሚታዘዝም፣ ያንን እንደ መውረጃ ምልክት እንዳይቆጥሩት። ዊልቸር አስቀድመው ቢጠይቁላቸው ደግሞ ደለስ ላይ በፓስፖርቱ ሰልፍ አይንገላቱም። የሰኔ ጾም ስለሚሆን የጾም ምግቡን ቢያንስ ከአንድ ቀን በፊት ያስመዝግቡላቸው፤ አለዚያ ከሰንዳፋ በያዙት ቆሎ ብቻ ሊደርሱ ነው።


የሰንዳፋው ልጅ (ጠያቂ)

ለሁላችሁም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መምህር፣ የ30ውን ድምር ለእናቴ አሳየኋት፤ እጇን በጉንጯ ይዛ ካዳመጠች በኋላ «እንግዲያው የተወሰደብኝን ሲመልሱልኝ ነው» አለች። የሱሉልታው አባቴ፣ የሜዳውና የተራራው ነገር ወዲያው ገባት፤ ጤፍ ጭነን ከቆላ ወደ ደጋ ስንወጣ አህዮቹን እንዴት እንደምናቀልላቸው ራሷ አስታወሰችኝ።

ሁለት ጥያቄዎች ብቻ ቀሩኝ። መድኃኒቷን በየትኛው ሰዓት ትውሰድ? ከሰንዳፋስ ስንት ሰዓት ላይ ብንነሣ ይሻላል? መንገዳችን በለገጣፎና በአያት በኩል ነው።


የለገጣፎ መምህር

ሁለተኛውን እኔ ልመልስ፤ በየቀኑ የማየው መንገድ ነውና። ለዓለም አቀፍ በረራ ከመነሻው 3 ሰዓት ቀድሞ መገኘት ያስፈልጋል፤ ይህ ከምሽቱ 1 ሰዓት ማለት ነው። ከሰንዳፋ እስከ ቦሌ ያለው ርቀት ከ40 ኪሎ ሜትር ብዙም ባያልፍም፣ ሎሜ ድረስ ካለው 4,150 ኪሎ ሜትር ይልቅ የሚያስጨንቀው እርሱ ነው፤ በሰኔ ዝናብ፣ በሥራ መውጫ ሰዓት ከአያት እስከ መገናኛ ያለው መጨናነቅ ምን እንደሚመስል ያውቁታል። ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ከቤት ይውጡ። ቀድመው ቢደርሱ ተርሚናል ውስጥ መቀመጥ ነው፤ ቢያረፍዱ ግን የሚካስ ነገር የለም።


የሱሉልታ ጡረተኛ

መድኃኒቱን በተመለከተ የመጨረሻው ቃል የሐኪማቸው ይሁን፤ ከጉዞው በፊት ይጠይቁላቸው። እኔ ከሙያዬ የምመክረው የእጅ ሰዓታቸውን አውሮፕላን ውስጥ እንዳይነኩት ነው። በኢትዮጵያ ሰዓት ይቆይላቸው፤ መድኃኒቱም ከሻንጣ ጋር እንዳይጫን፣ በእጅ ቦርሳቸው ይሁን። ሰዓታቸው ከጠዋቱ 2 ሲል ከሎሜ ተነሥተው ሦስት ሰዓት ተኩል ያህል በአትላንቲክ ላይ በረዋል፤ ውጭው ግን ድቅድቅ ጨለማ ነው።

ይህን የጨለማውን ነገር ሳይነግሯቸው እንዳይቀሩ። ወደ ምዕራብ ሲበር ሌሊቱ አብሮ ስለሚሄድ በጣም ይረዝማል። አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ ከጠለቀችበት ከምሽቱ 12 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ገደማ በኋላ፣ በመስኮቱ ጎሕ የሚያዩት ሰዓታቸው ከጠዋቱ 4 ሰዓት ገደማ ሲል ነው፤ እንደ ልማዳቸው ለጸሎት የሚነሡ ከሆነ ንጋቱን ሲጠብቁ እንዳይጨነቁ።


የሰንዳፋው ልጅ (ጠያቂ)

ያላችሁኝን ሁሉ አሰባስቤ፣ በትልልቅ ፊደል በአንድ ወረቀት ላይ ጻፍኩላት። ለሌላ ሰውም ይጠቅም እንደሆነ እነሆ፦

«እማዬ፣ ሰዓትሽን አትንኪው። ከቤት የምንወጣው ከቀኑ 10 ሰዓት ነው። አውሮፕላኑ ከምሽቱ 4 ሰዓት ይነሣል። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል ገደማ ሎሜ ያርፋል፤ አትውረጂ፤ ነዳጅ እየቀዳ ነው። ከዚያ እንደገና ይነሣል። 2 ሰዓት ሲል ጨለማ ቢሆንም መድኃኒትሽን ውሰጂ። 4 ሰዓት ገደማ ሲል ይነጋል። ከቀኑ 9 ሰዓት ሲል ለሁለተኛ ጊዜ ያርፋል፤ ያ ዋሽንግተን ነው፤ ዊልቸር የሚገፋው ሰው ይመጣልሻል። በእነርሱ ሰዓት ገና ከጠዋቱ 2 ሰዓት ስለሆነ ቀኑ እንደ አዲስ ይጀምርሻል። ፍተሻውን ጨርሰሽ፣ ከደለስ እስከ እኅቴ ቤት ያለውን መንገድ ጨምሮ፣ በእኛ ሰዓት ምሽት 12 ሰዓት ላይ እቤቷ ትገቢያለሽ። ከደጃችን እስከ ደጃፏ 26 ሰዓት ነው።»

ሁለት ጊዜ አስነብባኝ፣ ወረቀቱን አጥፋ ውዳሴ ማርያሟ ውስጥ ከተተችው። «ስትመለሺስ ብለህ አልጻፍክም» ብትለኝ፣ የመመለሻውን በጀርባው ላይ ጨመርኩ፦ «ከዋሽንግተን በእኛ ሰዓት ምሽት 12 ሰዓት ትነሺያለሽ፤ የትም አያርፍም፤ በማግሥቱ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ቦሌ ትደርሻለሽ፤ እኔ ከሰንዳፋ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ተነሥቼ መውጫው ላይ እጠብቅሻለሁ።»